የጁሙዓ ተረኛ





ይህ ጽሑፍ በመስጂዳችን ግቢ ከዓሱር ሰላት በኋላ ለጀመዓው ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ንግግሩን በጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ጥቂት አስተካክዬ አቀረብኩት። መጀመሪያ የተሰጠኝ ርእስ «የዕውቀት ጥቅም» የሚል ነበር። ስለ ዕውቀት ጥቅም ከእኔ የበለጡ ዑለሞች ጽፈዋል፤ ይጽፋሉም። እኔ ግን ስለ አንድ ሠራተኛ ሰው መናገር መረጥኩ። ምክንያቱም ከዚያ ሰው ጋር የተያያዘ፣ ሚምበር ላይ ወጥቼ የተናገርኩት፣ እስከ ዛሬ በአደባባይ ያልመለስኩት አንድ ንግግር አለብኝ።

የምናገረው ስለ እናቴ ወንድም፣ ስለ አጎቴ ነው። ስሙን አልጽፍም። ለመስጂዱ ግንባታ ያዋጡ ሰዎች ስም በበሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የእሱ እንዲወጣለት ኮሚቴውን ደጅ የጠና ሰው ነውና፣ ከሞተ በኋላ እኔ በብዕሬ ላስገባው አልደፍርም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሰፈሩ ልጆች «ካሉብ» ይሉት ነበር። «አንቱ» ብዬ ባለመጻፌም አትቀየሙኝ። ድሬዳዋ የተወለደ ሰው አጎቱን «አንተ» እያለ ነው የሚያድገው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ከርሜ ስመለስ አንቱ ብዬ ብጠራው፣ ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» ብሎኛል።

ካሉብ የሰው ስም አይደለም። በሶማሌ ክልል፣ በኮራሄ ዞን፣ ሺላቦ አካባቢ የሚገኝ የተፈጥሮ ጋዝ ሥፍራ ነው። በኦጋዴን የነዳጅ ፍለጋ የቆየ ነው። ሲንክሌር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 ከንጉሡ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ዓመታት ሲፈልግ ቆይቶ የሚሸጥ ነገር ሳያገኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ መጣ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በእሱ ጊዜ ነው። አጎቴም ከዚያ ሥራ የገባው ያኔ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሐረርን፣ ጅጅጋን፣ ደገሃቡርን፣ ቀብሪደሃርን አልፎ፣ ፊቱ በአቧራ ተለብዶ ካምፕ የደረሰ ለት፣ የተቀበለው የሶማሌ ዘበኛ ግመል ወተት ሰጥቶት «ጠጣ፤ ነገ እንዲህ ነጭ ነገር አታይም» አለው አሉ። እውነቱን ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ አጎቴ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ጉድጓድ ቁፋሮ ሲባል ብዙዎቻችን ዶማና አካፋ ይመስለናል። የነዳጅ ቁፋሮ ሌላ ነው። ጫፉ ላይ ድንጋይ የሚፈጭ ጥርስ ያለው ብረት ይታሠራል፤ ከኋላው ቧንቧ ይቀጠላል፤ ሌላ ቧንቧ ይቀጠላል፤ እየዞረ ይወርዳል። አንዱ ቧንቧ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። የካሉብ ጉድጓዶች ከ3,000 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። እንግዲህ ከሦስት መቶ በላይ ቧንቧ ተቀጥሏል ማለት ነው። ያ ጥርስ የደነዘ እንደሆነ ከመሬት ሆድ ውስጥ የሚቀየርበት ዘዴ የለም። ሦስት መቶውም ቧንቧ ተስቦ ይወጣል፣ ይፈታል፣ ይቆማል፤ ጥርሱ ይለወጣል፤ ከዚያ እንደገና እየተቀጠለ ይወርዳል። ከግማሽ ቀን የሚበልጥ ሥራ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለሰለሰላቸው፣ ከእጃቸውም ሥራ ይመገቡ እንደነበር በደርስ ስነግረው አጎቴ በጣም ደስ ይለው ነበር። ከዚያ ግራ እጁን ያነሳል። ሁለት ጣቶች የሉትም፤ የቧንቧ ማጥበቂያ ሰንሰለት ነው የወሰዳቸው። «ለእኛ ግን አልለሰለሰልንም» ይልና ይስቃል። በየትኛው ድርጅት ጊዜ፣ በማን ጥፋት እንደሆነ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም።

ጭቃውን ግን በደንብ ላስረዳችሁ፤ የነገሬ ሥር እሱ ነውና። ቁፋሮው በተሠራ ጭቃ ነው የሚካሄደው። ውሃ፣ ሸክላ አፈርና ባራይት የሚባል ተፈጭቶ የደቀቀ ከባድ ድንጋይ ተደባልቆ፣ በቧንቧው ውስጥ በፓምፕ ወደ ታች ይላካል። ከጥርሱ ወጥቶ በቧንቧው ዙሪያ ወደ ላይ ሲመለስ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ጥርሱንም ያቀዘቅዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን ክብደቱ ነው። ከታች ያለው ጋዝ ታፍኖ የኖረ ኃይል ነው፤ ቀዳዳ ሲያገኝ መውጣት ይፈልጋል። ተጭኖ የሚያስቀረው የጭቃው ክብደት ብቻ ነው። ጭቃው የቀለለ እንደሆነ ጋዙ ሾልኮ ይገባል። መግባቱ የሚታወቀው ደግሞ ላይ ባለው ገንዳ ነው። የጭቃው ከፍታ ምንም ሳይጨመርበት በራሱ ከፍ ይላል፤ መጀመሪያ ጣት ያህል፣ ቀጥሎ ስንዝር ያህል። ስለዚህ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ያንን ከፍታ የሚመለከት ሰው ያስፈልጋል። ከፍ ሲል ካየ ይጮሃል፤ የጉድጓዱ መዝጊያ ይዘጋል። ካላየ ጋዙ ቧንቧውን እየገፋ ይመጣል፤ አንዲት የብረት ብልጭታ ካገኘ ማሽኑም ላዩ ላይ ያሉት ሰዎችም ይቃጠላሉ።

ያ ተመልካች አጎቴ ነበር። ቀለም ብዙ አልቆጠረም፤ ዓይኑ ግን ከገንዳው አይነሳም። ፎርማኖቹ ይህን ካዩ በኋላ ወደ ሌላ ሥራ አላዛወሩትም። ፈረቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የቁፋሮ ማሽን እሁድ አያውቅም፤ ጁሙዓም አያውቅም።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ ሥራው ተበተነ። አጎቴ ብርድ ልብሱንና አንድ ጣሳ ይዞ ድሬዳዋ ገባ፤ እሱ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ጦርነቱም ድሬዳዋ ደረሰ። እኔ የተወለድኩት በተከታዩ ዓመት ነው። አባቴ ገና ድክ ድክ ስል ስለሞተ፣ አባት ሲባል የማስበው የአጎቴን ትከሻ ነው፤ ያን ጊዜ ሲሚንቶ እየተሸከመ ነጭ የነበረውን ትከሻ። በኋላ በደርግ ዘመን የሶቭየት ባለሙያዎች ካሉብ ላይ እንደገና መቆፈር ሲጀምሩ ተመልሶ ሄደ፤ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስም ብዙ ዓመት ሠራ። ከሩሲያውያኑ የተማረው አንድ ቃል «ዳቫይ» ነው። በበዓል ቀን ቤታችን ገብቶ ሰው ሁሉ ምሳ ሲያዘገይ «ዳቫይ! ዳቫይ!» ይል እንደነበር የማያስታውስ የሰፈራችን ልጅ የለም።

ለዕረፍት ሲመጣ በቅቤ የተቀመጠ የግመል ሥጋ በቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። ገና ሳይቀመጥ ልጆቹን ሁሉ ይሰበስብና እጃቸውን ያያል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእሱ እጅ ሁልጊዜ ግራሶ ነው፤ በጥፍሩ ሥር ባራይት አለ። ግራሶ ደግሞ ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ስለሚከለክል ውዱእ አይሆንለትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰላት በፊት እጁን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ የጥፍሩን ሥር በእሾህ ፈልቅቆ፣ ከዚያ ነው በቦቴ ከመጣው ውሃ በጣሳ ቀድቶ ውዱእ የሚያደርገው። ይህንን በቀን አምስት ጊዜ፣ ሃምሳ ዲግሪ በሚመስል ሐሩር ውስጥ። የነጭ ጋዙ ሽታ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከእጁ አልለቀቀም። በሰላት ሰልፍ ከጎኑ የቆመ ሰው አንዳንዴ ፊቱን ያዞር ነበር። እኔም አዙሬ አውቃለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ገንዘቡ የት እንደሄደ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። እናቴን፣ ሁለት አክስቶቼን፣ እኔንና እህቶቼን ያኖረን እሱ ነው። እኔን በተመለከተ አንድ አቋም ነበረው፤ መድረሳውንም የመንግሥቱን ትምህርት ቤትም ልቀጥል አለኝ። መድረሳ ገብቼ ኪታብ ሲጥመኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልተው አስቤ ነበር። «ኪታቡን ሸይኹ ያስተምሩሃል፤ የግፊት ሒሳቡን ማን ያስተምርሃል?» ብሎ ተቆጣኝ። ለኢማም የግፊት ሒሳብ ምን ይሠራለታል ብዬ ውስጤ ስቄበታለሁ።

በመስጂዳችን ግቢ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲቆፈር ማሽኑ የኪራይ ነበር፤ ከጭቃው ገንዳ አጠገብ ሦስት ሌሊት ወንበር አስወጥቶ የተቀመጠው ግን አጎቴ ነው። «እዚህ እኮ ጋዝ የለም» ቢሉት «ልማድ ነው» አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከተማችንን ያን መከራ ባደረሰባት ጊዜ ጉድጓዱ በደለል ተሞላ። ወጣቶቹ ተስፋ ቆርጠው ሲቆሙ አጎቴ ሱሪውን ሰብስቦ «ጭቃውን ለእኔ ተዉት» ብሎ ገባ። ወደ ስልሳ ዓመት ይጠጋው ነበር። ዛሬ ውዱእ የምታደርጉበት ውሃ እሱ የጠረገው ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልግባ።

በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዚህ መስጂድ ኹጥባ ማድረግ ስጀምር ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድምፄ ከፍ ያለ፣ የማውቀው ጥቂት፣ የሚመስለኝ ግን ብዙ ነበር። አንድ ጁሙዓ ስለ ጁሙዓ ሰላት ግዴታነት ተናገርኩ። የተናገርኩት መሠረቱ ትክክል ነው። ሦስት ጁሙዓ ያለ በቂ ምክንያት ችላ ብሎ የተወ ሰው ልቡ እንደሚታተምበት የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ መኖሩን ታውቃላችሁ። ያንን አመጣሁ። ከዚያ ግን ከራሴ ጨመርኩበት። ለደመወዝ ብለው በረሃ ወርደው ጁሙዓን የሸጡ ሰዎች አሉ፤ ገንዘቡ በረካ የለውም፤ ልጆቻቸውንም አይጠቅምም አልኩ። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን አንብቤ እንዳላነበብኩት አለፍኩት። አጎቴ እንደ ልማዱ ከግራው ዓምድ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሲያበቃ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ «አላህ ይጨምርልህ» አለኝና ሄደ። እኔ አመሰገነኝ ብዬ ነው የያዝኩት። በረካ የለውም ባልኩት ገንዘብ እንደተማርኩ በዚያች ሰዓት አልታየኝም!

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በደገሃቡር አካባቢ አቦሌ በተባለ ሥፍራ የቻይና ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ ታጣቂዎች በንጋት ጥቃት ጣሉ። በወቅቱ እንደተነገረው 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። አጎቴ ሥራውን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሬዲዮኑን ሰምቶ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። ሐሙስ ማታ ከዒሻእ በኋላ እቤቴ መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ።

«ነገ ከጁሙዓ በኋላ ሰላተል ጋኢብ ስገድላቸው» አለኝ።

«ማንነታቸውን እኮ አናውቅም፤ ስማቸውም አልተነገረም፤ ሙስሊሙ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አልኩት።

«የተረኛን ስም ማን ይጽፋል ልጄ? አላህ ያውቃቸው የለም ወይ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላተል ጋኢብን የሰገዱት እኮ ለዚህችው ሀገር ሰው፣ ለነጃሺ ነው፤ አስከሬናቸው ሐበሻ፣ ሰጋጆቹ መዲና። ከሞቱት መካከል ሙስሊም ለሆኑት ነይተን እንደምንሰግድ፣ የሌሎቹንም ቤተሰቦች እንደምናጽናና ተስማማን። በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን አልተነሳም። ከኮቱ ኪስ አንድ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ በግራሶ የጠቆረ፣ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ነው። ከፍቶ ሰጠኝ። በውስጡ ምንም ጽሑፍ የለም፤ ጭረት ብቻ ነው። አምስት አምስት እየሆነ የተደረደረ ጭረት። ቆጠርኩት፤ 213 ነው።

«ጁሙዓዎቼ ናቸው» አለ። «ገንዳው ላይ ተረኛ ሆኜ ያመለጡኝ። ዙህር አድርጌ ሰግጃቸዋለሁ፤ ገንዳውን እያየሁ፣ እዚያው ቆርቆሮ ላይ። የሚሆንልኝን ቀን ከክርስቲያኖቹ ጋር ተቀያይሬአለሁ፤ እሁድና ገናን እኔ እገባላቸዋለሁ፣ አርብን እነሱ ይገቡልኛል። እነሱ ዕረፍት የወጡ ለት ግን ጭቃውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኖርም። አርባ ሰው እላይ እየሠራ ትቼው ብሄድስ? የምጠይቀው ሸይኽ እዚያ አልነበረም። ለመጠየቅም አፈርኩ። አንተን ሳስተምር፣ አንድ ቀን ይኼን ትነግረኛለህ እያልኩ ነው የጠበቅሁህ። በዚያን ቀን ኹጥባ ላይ መልሱን የሰማሁ መሰለኝ። እንዴት እንደምከፍላቸው ግን አልነገርከኝም።»

ውድ አንባብያን፣ ያ ሰው በእኔ ላይ ቂም ይዞ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዕዳ ሊከፍል ነው የመጣው። ስንት ስንት አድርጎ በቀን ቢሰግድ ከመሞቱ በፊት እንደሚያልቅለት አስልቶ ነበር።

ያን ሌሊት ምንም ልለው አልቻልኩም፤ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብቻ አልኩት። በነጋታው ሰላተል ጋኢቡን ሰገድን። ቅዳሜ ጠዋት ያስተማሩኝ ሸይኽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኹጥባዬንም ጭምር። ሸይኻችን ዝም ብለው ሰሙኝና «ይህ መስአላ በኪታብህ የለም እንዴ?» አሉኝ። ነበር! ቀርቼዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። በሻፊዒይ መዝሃብ ከተማ በሌለበት፣ አዛን በማይሰማበት ጊዜያዊ ሠፈር የሰፈረ ሰው ጁሙዓ አይገደድም። በኃላፊነቱ ሥር ላለ ነፍስ ወይም ንብረት የሚሰጋ ሰውም ዑዝር አለው። ጁሙዓ ያመለጠው ሰው ደግሞ በዑዝርም ይሁን ያለ ዑዝር ጁሙዓን በጁሙዓነቱ ቀዷ አያወጣም፤ የሚሰግደው ዙህርን ነው። ዙህርን በወቅቱ ከሰገደ የቀረበት ሰላት የለም። አጎቴ አንድም ሰላት አልነበረበትም። በኪታቡ ውስጥ ያለውን «የሚሰጋ ሰው» የሚለውን ቃል ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ፍየል የጠፋበት እረኛ ነበር፤ የጭቃ ገንዳ ላይ የቆመ የእናቴ ወንድም አልመጣብኝም።

ሸይኻችን ስወጣ «ያልከውን ከተናገርክበት ቦታ መልሰው» አሉኝ። አልመለስኩትም። በተከታዩ ጁሙዓ ስለ ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ሰው ረስቶታል አልኩ። አንድ ጊዜ ከቀናት በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ልናገር አስቤ ክብሬ ያዘኝ። አጎቴ በ2010 ዓ.ም. አረፈ፤ አላህ ይዘንለት፣ ቀብሩን ሰፊ ያድርግለት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከኦጋዴን የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት መጀመሩ በቴሌቪዥን ሲነገር እሱ አልነበረም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅም አልነበረም። ጋዙ ተገኝቶ ጥቅም ላይ እስኪውል ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። እሱን ዜና ሳይ፣ እኔም ንግግሬን ለመመለስ ወደ ሃያ ዓመት እንደፈጀብኝ ቆጠርኩ። የዛሬውን ንግግር ያመጣው ይኸው ነው።

እነሆ በ1999 ዓ.ም. ከዚህ ሚምበር የተናገርኩት፣ ለደመወዝ በረሃ የወረዱትን በጅምላ የኮነንኩበት ንግግር ስሕተት ነበር። መልሼዋለሁ። ያኔ ሰምቶኝ በልቡ የተሸማቀቀ ሰው ካለ ዐፉ ይበለኝ። በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ላይ የቆምክ፣ በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆንክ፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያ የምትጠብቅ ወንድሜ፣ ብትቀያየር መልካም ነው፤ አጎቴም ተቀያይሯል። ካልተቻለህና በትተኸው መሄድህ ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ ዙህርህን እዚያው ስገድ፤ ጥርጣሬ ካደረብህም ና ጠይቀኝ እንጂ ብቻህን ጭረት አትጭር። ሱቁ ላይ ደንበኛ እንዳያመልጠው ብሎ አዛን እየሰማ የሚቀመጠው ወንድማችን ግን በዚህ ንግግሬ እንዳይጠቀም! እሱንና የጭቃ ገንዳውን ተረኛ የሚያመሳስል ኪታብ የለም።

የዚያን ቅዳሜ ነገር ልጨርስላችሁ። ከሸይኻችን ቤት በቀጥታ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ለጎረቤት የውሃ ፓምፕ ፈትቶ ያጸዳል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ መልሱን ነገርኩት። ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ። «ሸይኹ ናቸው ያሉት ወይስ አንተ?» አለ። «ሸይኹም ኪታቡም» አልኩት። ስለ ኹጥባዬ ዐፉ እንዲለኝ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት «መፍቻዋን አቀብለኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ፓምፑን ገጥሞ ጨረሰ፤ እጁን በነጭ ጋዝ ታጠበ። ከዚያ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፤ ጭረት ያለባቸውን ገጾች በጥንቃቄ ቀደደና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የቀረውን ሰጠኝ።

«ለመድረሳ ልጆች ውሰድላቸው፤ ብዙ ባዶ ወረቀት አለው» አለኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።